የባቡር ስም ያለው የኳስ ቡድን

በዚህ ንባብ ውስጥ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኳስ የማይታወቅበት አገር የለም። ሜዳ በሌለበት ቀበሌ እንኳ እረኛ ልጆች ጨርቅ ጠቅልለው፣ በገመድ ጠፍረው ሲራገጡ ይውላሉ። ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ የጀርመን የኳስ ቡድን ነው። ስሙ ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ ይባላል። ሎኮሞቲቭ ማለት ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ራስ ነው። ላይፕዚግ ደግሞ በጀርመን ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት።

ቡድኑ በአሁኑ ጊዜ ከታላላቆቹ ጋር አይቆጠርም። በሬዲዮ ስሙን የሰማችሁ ጥቂት ብትሆኑ ነው። ነገር ግን የጀርመን አገር የመጀመሪያው ሻምፒዮን ይህ ቡድን ነበር። ኋላም በዕዳ ምክንያት ፈረሰ። ከፈረሰበት ያነሡት ሀብታሞች አይደሉም፤ በየሳምንቱ ቲኬት እየቆረጡ ይገቡ የነበሩ ተመልካቾች ናቸው። ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ክለብና መሰላል

በጀርመን አገር የኳስ ክለብ ማለት ማኅበር ነው። ከእኛ እድር ብዙ አይርቅም። ሰው በአባልነት ይመዘገባል። መዋጮ ይከፍላል። ስብሰባ ሲጠራ ሄዶ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ሒሳቡም እንዲነበብለት ይጠይቃል። ሜዳ ላይ የምናያቸው ተጫዋቾች አሥራ አንድ ናቸው፤ ክለቡ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም። እድር ለቀብር ነው፣ ይሄኛው ለጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የሎኮሞቲቭ ሰዎች ግን አንድ ጊዜ ክለባቸውን ራሱን እስከ መቅበር ደርሰዋል። እንደርስበታለን።

ውድድሩን ደግሞ እንደ መሰላል አስቡት። በመሰላሉ ጫፍ ላይ 18 ቡድኖች አሉ። በዓለም ዝና ያላቸው እነሱ ናቸው። ከእነሱ በታች ሁለተኛ ደረጃ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ፣ ቀጥሎ አራተኛ እያለ እስከ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ይወርዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ከታች የበረታው አንድ እርከን ይወጣል፤ ከላይ የደከመው አንድ እርከን ይወርዳል። ግርጌው ላይ ያሉት የመንደር ቡድኖች ናቸው። እዚያ የሚጫወተው ዳቦ ጋጋሪው፣ አናጢው፣ ፖስታ አዳዩ ነው። የሚጫወተውም ከሥራ መልስ ነው።

ኳስ የጠፋበት ቀን

የላይፕዚጉ ክለብ የተቋቋመው በ1890ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ ስሙ ፋውኤፍቤ ላይፕዚግ ነበር። ትርጉሙ የእንቅስቃሴ ጨዋታዎች ማኅበር እንደማለት ነው። በ1900 ደግሞ 86 ክለቦችን የወከሉ ሰዎች እዚያው ላይፕዚግ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ተሰብስበው የመላ ጀርመንን የእግር ኳስ ማኅበር መሠረቱ። ስለዚህ ከተማዪቱ የጀርመን ኳስ እናት ናት ቢባል ውሸት አይሆንም።

በ1903 የአገሪቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮና ተደረገ። በዚህ ውድድር የሆነው ነገር ዛሬ ሲነበብ ያስቃል። የካርልስሩኸ ከተማ ቡድን ከፕራግ ቡድን ጋር ለመጫወት ተቀጥሮ ሳለ «ጨዋታው ለሌላ ቀን ተላልፏል» የሚል ቴሌግራም ደረሰው። ቡድኑም አምኖ ቤቱ ቀረ። ቴሌግራሙ ግን የውሸት ነበር። ፕራጎች ሳይጫወቱ ለፍጻሜ አለፉ። በፍጻሜውም ከላይፕዚግ ጋር ተገናኙ።

ጨዋታው ሐምቡርግ አጠገብ አልቶና በምትባል ቦታ ነበር። ተጫዋቾቹ መጡ፣ ዳኛው መጣ፣ ሕዝቡም ከበበ። ኳስ ግን የለም! ያለችው ለጨዋታ የምትሆን አልነበረችም። ደህና ኳስ ተፈልጎ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። እስከ እረፍት አንድ ለአንድ ነበሩ። ከእረፍት በኋላ ላይፕዚጎች በረቱና 7 ለ 2 አሸነፉ። በ1906 እና በ1913 ሁለት ጊዜ ደግመው ሻምፒዮን ሆኑ።

በ1922 ክለቡ ፕሮብስትሃይዳ በተባለው የከተማው ሠፈር የራሱን ሜዳ ከፈተ። ያ ሜዳ እስከ ዛሬ አለ፤ አሮጌ የእንጨት ሰገነትም አለው።

ከዚያ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ፤ ጦርነት መጣ። ጀርመን በ1945 ስትሸነፍ አሸናፊዎቹ መንግሥታት የቀድሞዎቹን ክለቦች አፈረሱ። አገሪቱም ለሁለት ተከፈለች። ላይፕዚግ በምሥራቁ፣ በሶሻሊስቱ መንግሥት ሥር ሆነች።

ትራክተር፣ ኬሚ፣ ባቡር

ምሥራቅ ጀርመን ክለቦቿን በሥራ ዓይነት አደራጀች። የኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ኬሚ ይባላል። የብረት ፋብሪካው ቡድን ብረት ይባላል። የፖሊስና የጸጥታ ሰዎች ዲናሞ፣ የጦር ሠራዊቱ ደግሞ «ወደፊት» ተባሉ። የገበሬዎቹስ ስም ምን ይመስላችኋል? ትራክተር ነው። የባቡር ሠራተኞቹም ሎኮሞቲቭ ሆኑ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ መብራት ኃይል፣ መድን፣ ንግድ ባንክ እያልን ቡድን ጠርተን የለም እንዴ?

የፈረሰው የላይፕዚግ ክለብ ሰዎች በመጀመሪያ በሠፈራቸው ስም ተጫወቱ። ኋላ ስማቸው ቶሎ ቶሎ ተለዋወጠ። አንድ ጊዜ ሮታሲዮን ተብለው ነበር። ሮታሲዮን ማለት መሽከርከር ነው፤ የማተሚያ መኪና መሽከርከር። ላይፕዚግ ከጥንት ጀምሮ የመጽሐፍ ከተማ ስለሆነች የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ቡድን ይህን ስም ወሰደ። የሎኮሞቲቭ ስም የመጣው በ1966 ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

በ1963 የስፖርት ኃላፊዎች ላይፕዚግ አንድ ኃይለኛ ቡድን ያስፈልጋታል አሉ። በከተማው ካሉት ሁለት ዋና ቡድኖች ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾችን መረጡ። እነዚህን በአንድ ላይ አሰለፉ፤ የኋላው ሎኮሞቲቭ ማለት ነው። «አይረቡም» የተባሉትን ደግሞ ኬሚ ለሚባለው ቡድን ሰጡ። ሕዝቡ ለእነዚህ «የላይፕዚግ ትራፊ» የሚል ስም አወጣላቸው። በ1964 የምሥራቅ ጀርመን ሻምፒዮን የሆነው ታዲያ ማን ነው? ትራፊው! አውድማ ላይ እንደ ግርድ ተለይተው የተጣሉት ከምርቱ በለጡ። ከዚያ ወዲህ የሎኮሞቲቭና የኬሚ ደጋፊዎች ዓይንና ናጫ ሆነው ይኖራሉ።

የበረኛው ምት

ሎኮሞቲቭ በዚህ ስሙ የምሥራቅ ጀርመንን ዋንጫ አራት ጊዜ ወስዷል። በ1974 በአውሮፓ ውድድር የጣልያንና የእንግሊዝ ቡድኖችን ጥሎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። የአገሩ ሻምፒዮን ግን አንድ ጊዜም አልሆነም። ሁለተኛ እየሆነ ይቀራል። ከ1979 እስከ 1988 ድረስ በተከታታይ አሥር ዓመት ሻምፒዮን የሆነው የበርሊኑ ዲናሞ ነበር። የዲናሞ ዋና ደጋፊ ደግሞ የጸጥታ ሚኒስትሩ ኤሪክ ሚልከ ነበሩ። ሚኒስትር የሚደግፈውን ቡድን በዳኝነት መበደል ቀላል ነገር አይደለም። ሕዝቡም ያማ ነበር።

በ1986 ሐሜቱ ገደብ አለፈ። ሎኮሞቲቭ በሜዳው ዲናሞን 1 ለ 0 እየመራ መደበኛው ሰዓት አለቀ። በጭማሪው ደቂቃ ዳኛው ለዲናሞ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ጎል ሆነ፤ እኩል ወጡ። ቁጣው እንዲህ በዛ፤ ዳኛው ከዳኝነት ታገደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ከሌላ አቅጣጫ የተነሣ ፊልም ወጣ፤ በፊልሙ ሲታይ ዳኛው ያን ያህል አልተሳሳተም። ምን ዋጋ አለው? በሰው ልብ ውስጥ የተቀመጠው የመጀመሪያው ፍርድ ነው። በ1988 ደግሞ ሎኮሞቲቭና ዲናሞ በነጥብ እኩል ሆኑ፤ ዲናሞ በጎል ብልጫ ብቻ ወሰደው።

በመካከሉ፣ በ1987፣ ሎኮሞቲቭ ከአገሩ ወጥቶ ስሙን አስጠራ። በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ከፈረንሳዩ ቦርዶ ጋር ገጠመ። መጀመሪያ ቦርዶ ድረስ ሄዶ 1 ለ 0 አሸነፈ። መልሱ ላይፕዚግ ላይ ሆነ። የተጫወቱበት ስታዲዮም በ1956 የተከፈተ፣ በጦርነት ከፈረሱ ቤቶች በተጠረገ ድንጋይና አፈር የተገነባ፣ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ ነበር። በዚያ ምሽት ከ70 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ቦርዶዎች ሜዳ ገብተው ላብ ሳይወጣቸው ጎል አገቡ። ከዚያ ወዲያ ኳሷ እምቢ አለች። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ፤ ለውጥ የለም። ስለዚህ በፍጹም ቅጣት ምት ይለይ ተባለ።

የሎኮሞቲቭ በረኛ ረኔ ሙለር ይባላል። የበረኛ ሥራ ኳስ መያዝ ነው፤ መምታት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሙለር የባላጋራዎቹን ምት አዳነ። የሚወስነው ምት ሲመጣ ግን ራሱ ወጥቶ ኳሱን አስቀመጠ። መታ፤ ገባ። 6 ለ 5! ላይፕዚግ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍጻሜው ግሪክ አገር አቴና ላይ ነበር። የሆላንዱ አያክስ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎሉን በራሱ ገጭቶ ያገባው ማርኮ ቫን ባስተን ነው።

ዕዳ

በ1989 ላይፕዚግ በሌላ ነገር ስሟ ተነሣ። ሕዝቡ ሰኞ ሰኞ ማታ ሻማ እያበራ በጎዳናዋ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የበርሊን ግንብ ተከፈተ። በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ።

ለምሥራቁ ክለቦች ግን አዲሱ ዘመን ከባድ ሆነ። ድሮ ወጪያቸውን የሚችለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ፋብሪካ ነበር። አሁን ራሳችሁን ቻሉ ተባሉ። ጎበዝ ጎበዙ ተጫዋች ደህና ደመወዝ ወዳለበት ወደ ምዕራብ ሄደ። ሎኮሞቲቭ በ1991 የጥንት ስሙን ፋውኤፍቤን መለሰ። ስሙም የቀናው መሰለ፤ በ1993 ወደ መሰላሉ ጫፍ ወጣ። በጫፉ ላይ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከ34 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ መጨረሻ ሆኖ ወረደ።

ከወረደ በኋላ የሚገባው ገንዘብ ቀነሰ፤ የሚወጣው ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። የመጪው ዓመት አዝመራ ጥሩ ይሆናል ብሎ ዘሩን የሚበላ ገበሬ ታውቁ ይሆናል። እንደዚያ ነው የሆነው። ክለቡ አንድ ጊዜ ከሰረ፤ እንደምንም ተረፈ። ሁለተኛ ሲከስር ግን መድኃኒት አልተገኘም። በ2004 መጫወቱን አቆመ። የጀርመን የመጀመሪያው ሻምፒዮን ቦታ በውድድሩ ዝርዝር ውስጥ ባዶ ቀረ።

ከግርጌው እንደገና

ደጋፊዎቹ ግን ሞቱ እስኪነገራቸው አልጠበቁም። በ2003 መጨረሻ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አዲስ ክለብ መሠረቱ። ስሙንም ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ አሉት። አባቶቻቸው እጃቸውን ይዘው ስታዲዮም ሲወስዷቸው ይጠሩት የነበረ ስም ነዋ። ስቴፈን ኩባልድ የሚባል ደጋፊ ሊቀመንበር ሆነ።

ሕጉ አዲስ ክለብ ከመጨረሻው እርከን ይጀምር ይላል። መጨረሻው አሥራ አንደኛው ነበር። እስቲ አስቡት፤ አቴና ድረስ ሄዶ የተጫወተ ስም አሁን የሚገጥመው የመንደር ቡድኖችን ነው፤ ያውም አንዳንዴ የመንደሩን ሁለተኛ ቡድን። ሌላ ቢሆን ያፍር ነበር። እነሱ አላፈሩም። በ2004 ከግሮስዶይበን ሁለተኛ ቡድን ጋር በትልቁ ስታዲዮም ሲጫወቱ 12,421 ሰው ቲኬት ቆርጦ ገባ። በመሰላሉ ግርጌ ላይ እንዲህ ያለ ሕዝብ ታይቶ አይታወቅም። በ1990 የዓለም ዋንጫን ያነሣው ሎታር ማቴውስ ሳይቀር በ2005 ለአንድ ጨዋታ የሎኮሞቲቭን ማልያ ለብሷል።

እርከን በእርከን ወጡ። በ2008 አምስተኛው ላይ ደረሱ። በ2012 አራተኛው ላይ፤ በ2014 ወረዱ፤ በ2016 ተመለሱ። ኋላም አዲሱ ክለብ ከከሰረው ክለብ ጋር በሕግ ተዋሐደ።

ታሪኩ ሁሉ ግን እንዲህ የሚያኮራ አይደለም፤ የሚያሳፍረውንም ማንበብ አለብን። ከደጋፊዎቹ መካከል ጠብ የሚፈልጉ ነበሩ። የናዚን ሐሳብ የያዙም ነበሩ። በ2006 በአንድ የወጣቶች ጨዋታ ላይ አንዳንዶቹ ሰገነት ላይ ተደርድረው በሰውነታቸው የሂትለርን ምልክት ሠሩ። ያ ምልክት በጀርመን አገር በሕግ የተከለከለ ነው። በ2007 ደግሞ ከጨዋታ በኋላ 800 ያህል ሰዎች ፖሊሶች ላይ ተነሡ። 39 ፖሊሶች ቆሰሉ። በሚቀጥለው ሳምንት በአካባቢው የነበሩት ጨዋታዎች ተሰረዙ፤ ምንም ያላጠፉ የመንደር ልጆች ሳይጫወቱ ቀሩ። ክለብ የሕዝብ ነው ሲባል እንዲህ ያለውም ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል ማለት ነው። ማስወጣቱ ደግሞ የአባሎቹ ሥራ ነው፤ ከላይ መጥቶ የሚያስወጣላቸው የለም።

በዚሁ ከተማ በ2009 ሌላ ክለብ ተነሣ። ሬድ ቡል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ የአንድ ትንሽ ከተማ ቡድንን ቦታ ወስዶ ከአምስተኛው ደረጃ ጀመረ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ በ2016 ጫፉ ላይ ደረሰ። የሚጫወተውም ሙለር ፍጹም ቅጣት ምቱን በመታበት ቦታ በታነጸው ስታዲዮም ነው። በዚያ ክለብ በስብሰባ ድምፅ የሚሰጡት አባሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የላይፕዚግ ልጅ ጥሩ ኳስ ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ብዙውም ወደዚያ ሄዷል። እኔን ቢጠይቁኝ ግን ሒሳቡ የሚነበብልኝን እመርጣለሁ።

በ2020 የኮሮና በሽታ ገባ። ሜዳዎች ተዘጉ። ተመልካች ከሌለ የቲኬት ገንዘብ የለም፤ ሎኮሞቲቭም ተቸገረ። ያን ጊዜ አንድ ብልሃት አመጡ። «ከማይታይ ባላጋራ ጋር እንጫወታለን፤ ሜዳው ባዶ ነው፤ ቲኬቱ አንድ ኦይሮ ነው» ብለው አወጁ። ኦይሮ የአውሮፓ ገንዘብ ነው። ተጫዋች የለም፣ ኳስ የለም፣ የሚታይ ነገር የለም። ለዚህ ጨዋታ ከ180 ሺህ በላይ ቲኬት ተሸጠ! በ1903 ኳስ እስኪመጣ ተጠበቀ፤ በ2020 ያለ ኳስ ተሸጠ።

በዚያው ዓመት ሎኮሞቲቭ በአራተኛው ደረጃ አንደኛ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አራተኛው ደረጃ በአምስት ክፍለ አገር የተከፈለ ነው። አሸናፊዎቹ አምስት፣ የሚወጡት ግን አራት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ አሸናፊዎች እርስ በርስ መጋጠም አለባቸው። ሎኮሞቲቭ ከፌርል ጋር ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ሁለቱንም እኩል ወጣ፤ 2 ለ 2 እና 1 ለ 1። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ በሰው ሜዳ ብዙ ጎል ያገባ ይቀድም ነበርና ፌርል አለፈ። አንድም ሳይሸነፉ ቀሩ።

በ2025 እንደገና አንደኛ ሆኑ። እንደገናም ዕጣው ማጣሪያ ላይ ጣላቸው። የገጠማቸው ሐኖቨር አጠገብ ያለው የሃቨልዘ ቡድን ነው። በእንግድነት ሄደው 1 ለ 1 ወጡ። መልሱ በራሳቸው ሜዳ፣ በፕሮብስትሃይዳ ነበር። ዘጠናው ደቂቃ ባዶ ለባዶ አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ሃቨልዘ ሦስት ጎል አገባ። ሎኮሞቲቭ በአራተኛው ደረጃ ቀረ።

ጥያቄዎች

1. በምሥራቅ ጀርመን የገበሬዎች ቡድን ምን ይባል ነበር? የማተሚያ ቤት ሠራተኞችስ?

2. ቡድኑ መጀመሪያ ሻምፒዮን ከሆነበት ዓመት ከመሰላሉ ግርጌ እስከ ጀመረበት ዓመት ድረስ ስንት ዓመት አለፈ? ደምራችሁ ወይም ቀንሳችሁ አግኙት።

3. «ግርድ» እና «ትራፊ» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

4. በቡድን ተወያዩበት፦ በ2004 የፈረሰው ክለብና ደጋፊዎቹ የመሠረቱት ክለብ አንድ ናቸው ትላላችሁ ወይስ ሁለት? አንድ እድር በዕዳ ፈርሶ እነዚያው ሰዎች እንደገና ቢያቋቁሙት አሮጌው እድር ነው ወይስ አዲስ?